አባባ፣ ዓይንዎ እንዴት ሆነልዎ?

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ታናሼ እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ፤ እየዘለለ እንዳያነብብዎት ይቆጣጠሩት።

ባለፈው በስልክ «አንድ ቃል የማያውቅ ሕፃን ሰብስበሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልሱን ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። እንደ መምህር ለመምህር ልጻፍልዎ።

እዚህ ጃፓን ውስጥ በፈረንጆቹ ከ2020 ወዲህ እንግሊዝኛ ከሦስተኛ ክፍል ይጀመራል። ሦስተኛና አራተኛ ክፍል በዓመት 35 ክፍለ ጊዜ፣ አምስተኛና ስድስተኛ 70 አላቸው፤ አንዱ 45 ደቂቃ ነው። የክፍሉ ባለቤት ጃፓናዊው መምህር ሲሆን እንደ እኔ ያለው የውጭ አገር ሰው ረዳት ይባላል። በወረቀት ማለቴ ነው፤ ባለቤቱ ጥግ ይዞ ደብተር ሲያርም ሁሉም ነገር ረዳቱ ላይ የሚወድቅበት ቀን ብዙ ነው።

ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት አዲስ ቃል ይበቃል። ሥዕሉ ሙሉ ኤ ፎር ወረቀት ላይ ይሁን፤ ካነሰ የኋላው ረድፍ አያየውም። ካርዱም ደረት ላይ ሳይሆን ከአፍ አጠገብ ይያዛል፤ ሕፃኑ ሥዕሉን ሲያይ ከንፈርም እንዲያይ ነው። ሦስት ጊዜ ይሰማሉ፣ ከዚያ ይላሉ። ጽሑፍ ይቆያል። ሦስተኛ ክፍል ላይ የገዛ ቋንቋቸውን በላቲን ፊደል መጻፍ ስለሚማሩ «ኔም» የሚለውን ቃል ተጽፎ ሲያዩት «ናሜ» ብለው ያነቡታል።

ፊደላቸው እንደ እኛው ተነባቢውን ከአናባቢ ጋር አጣብቆ ይይዛል፤ ግን ከ«ን» በቀር ሳድስ የለውም። ስለዚህ «ሚልክ» «ሚሩኩ»፣ «ዶግ» «ዶጉ» ይሆናል። ለ እና ረ ደግሞ አይለዩም። ማስረዳት ዋጋ የለውም፤ የሚሠራው ጭብጨባ ነው። «ሚልክ» አንድ ጭብጨባ ነው፤ እነሱ ሦስት ያጨበጭባሉ። እጃቸው አንድ ጊዜ ሲመታ አፋቸውም ያጥራል። እኛም «ስኩል»ን «እስኩል» የምንል ስለሆንን መሳቅ አያምርብንም።

ቃሉን የምናለማምድበት ጨዋታ ካሩታ ይባላል። አራት አራት ሆነው ካርዶቹን ይዘረጋሉ፤ መምህሯ ቃሉን ስትጠራ ቀድሞ የነካ ይወስዳል። የሚበላሸው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው፤ ፈጣኑ ልጅ ሁሉንም ይጠርግና ሦስቱ አፋቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ሁሉም እጁን ራሱ ላይ ይጫን፣ ቃሉን ሦስት ጊዜ ካላለ አይንካ፣ የወሰደ ደግሞ አንድ ዙር ይለፈው። ያኔ ዝምተኛውም ይናገራል።

ምሳ ክፍል ውስጥ ከልጆቹ ጋር ይበላል፤ 200 ሚሊ ሊትር ወተትም አብሮ ይመጣል። ለዐቢይ ጾም አስቀድሞ መናገር ነው። እንደማልገድፍ ይወቁልኝ።

አሁን እርማቱ። «አይ» በማለት ፈንታ በቋንቋው «ዋታሺ ላይክ ዶጉ» ያለውን ልጅ ማንም «ተሳስተሃል» አይለውም። «ኦ፣ ዩ ላይክ ዶግስ!» ብሎ ትክክለኛውን መልሶ ማሰማት ነው። አንዴ ከተሳቀበት የስምንት ዓመት ልጅ እስከ ሰኔ አይናገርም። ደብተር ላይ ደግሞ አዲስ መጤ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድ አለ፤ የእኛ «ራይት» እዚህ ስህተት ማለት ነው። ትክክል በቀይ ክብ ይከበባል፤ በጣም ጥሩ ከሆነ ክቡ ዙሪያ የአበባ ቅጠል ይሣልበታል። ሃናማሩ ይሉታል። ያንኑ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው አበባ ይሥላሉ፣ አባባ።

ከዩኒቨርሲቲ የጻፍኩልዎትን ደብዳቤ ያስታውሱታል? ታርሞ የተመለሰውን። አሥራ አንድ ቦታ። ታምሜ ተኝቼ መሰንበቴን ከጻፍኩበት መስመር ላይ «ሀኪም»ን ከበቡና ከጎኑ «ሐመሩ ሐ» ብለው ጻፉ። «ምን ሆነሽ ነው?» የሚል ቃል ግን ፈልጌ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ያልጻፍኩት ጊዜ አጥቼ አልነበረም። ሐኪምን ግን እስካሁን አልሳትኩም።

ከመምህር ደመወዝ ቆርጠው የግል ትምህርት ቤት ባያስገቡኝ ኖሮ እዚህ አልደርስም ነበር፤ ለቪዛው በእንግሊዝኛ አሥራ ሁለት ዓመት መማሬን በማስረጃ ነው የጠየቁኝ። ይህንንም በስልክ ብዬዎት አላውቅም።

ሞራው የሚገፈፍበትን ቀን ቆረጡልዎት? ከተገፈፈ በኋላ ዓይንዎን እንዳያሹት፣ ውኃም እንዳይነካው። ስግደቱ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቅርብዎ፤ ጎንበስ ማለት ዓይንን ይጫነዋል። ቄሱ እንደሚፈቅዱልዎት እርግጠኛ ነኝ፤ እርስዎ ናቸው የማይፈቅዱት። ጠብታውን ታናሼ እጁን ታጥቦ ይጨምርልዎ፤ የብልቃጡ አፍ ዓይኑን አይንካ።

«ለገና ነይ» ብለውኛል። የክረምቱ እረፍት ሁለት ሳምንት ገደማ ነው፤ ትምህርት የሚከፈተው እዚያው ገና ላይ ነው። ረጅሙ እረፍት ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ስለሆነ ለእንቁጣጣሽም አልደርስም። የትምህርት ዘመኑ መጋቢት ላይ ያልቃል፤ «ከዚያ በኋላ እመጣለሁ» ብዬዎት ነበር።

ለአንድ ዓመት ጨምሬ ፈርሜያለሁ፣ አባባ። ሐኪሙ ቀኑን ሲቆርጥ እኔን አይጠብቁኝ።

ልጅዎ