ከሦስተኛዋ ኋላ ስለሚገቡት ሯጮቻችን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

በአዳማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ስለ ሴቶች አገር አቋራጭ በምታወጡት ዘገባ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትን ትጠቅሱና ሌሎቹን ትተዋላችሁ። ይህ ልማድ የሚጎዳው ማንን እንደሆነ ለማስረዳት ይህን ጽፌአለሁ።

ኤንሲኤኤ የተባለው የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር በሚያካሂደው የአንደኛ ምድብ የሴቶች አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ርቀቱ 6 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከየቡድኑ 7 ሯጮች ይሰለፉና ቀድመው የገቡት የ5ቱ ደረጃ ተደምሮ አነስተኛ ነጥብ ያገኘው ቡድን ያሸንፋል። ስለዚህ የኮሌጅ አሠልጣኝ የምትፈልገው ኮከብ ሯጭ ብቻ ሳትሆን ከቡድኑ አምስተኛ ሆና የምትገባውም ናት። እዚህ ክለብ ለመግባት ለጥቂት ሳይሳካላቸው ቀርቶ ቤት የሚውሉ ልጆች፣ እዚያ በስፖርት የትምህርት ዕድል ሊማሩ የሚችሉ ናቸው።

መማር ሩጫን ይገድላል የሚሉ ወላጆች ያጋጥሙኛል። ኬንያዊቷ ሳሊ ኪፕዬጎ በቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ እየተማረች ይህን ሻምፒዮና ከ2006 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ሦስት ጊዜ አሸንፋለች፤ በ2012 የለንደን ኦሊምፒክም በ10,000 ሜትር ከኛዋ ጥሩነሽ ዲባባ ቀጥላ የብር ሜዳሊያ ወስዳለች።

ዕድሉ ግን በእግር ብቻ አይገኝም። በአንደኛው ምድብ ለመወዳደር በሁለተኛ ደረጃ 16 መሠረታዊ ኮርሶችን ማጠናቀቅና በእነርሱ ከ4 ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ማምጣት ያስፈልጋል። ለክለብ ብላ ከ10ኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ በሩን በገዛ እጇ ዘጋችው ማለት ነው፤ በእርግጥ፣ ጥፋቱ ከእሷ ይልቅ የመከርናት የእኛ ነው። 12ኛን ጨርሳ በተደራጁ ውድድሮች ዓመታት የቆየችም የመወዳደሪያ ዘመኗ ሊቀነስባት ይችላል፤ ከማናጀር ጋር መዋዋልም መብቷን ሊያሳጣት ይችላል። ገንዘቡም ሁልጊዜ ሙሉ ወጪን አይሸፍንም፤ በሦስተኛው ምድብ ያሉ ኮሌጆች ደግሞ በስፖርት ስም ጭራሹን አይሰጡም። የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ስለሆነ፣ «ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ» ብሎ ከወላጅ ብር የሚቀበል ደላላ ሊታመን አይገባም።

አሠልጣኞቹ በዋናነት የሚጠይቁት በመም ላይ የተመዘገበ የ1,500፣ የ3,000 ወይም የ5,000 ሜትር ሰዓት ነው፤ የአገር አቋራጭ ሜዳ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሰዓቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም። የእኛ ልጆች ግን በክልልና በትምህርት ቤት ውድድሮች ያስመዘገቡት ሰዓት በወረቀት ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ማስረጃ ሲጠየቁ የሚያሳዩት የላቸውም። ስለዚህ አዘጋጆች የሁሉንም ተወዳዳሪዎች ሙሉ ውጤት ከነሰዓቱ እንዲያወጡ፣ ጋዜጣችሁም ቢያንስ እስከ ሃያኛ የወጡትን ከነትምህርት ቤታቸው እንዲያትም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ መምህር፣ ከአዳማ