የዚህ ወር የገና ፊልሞቻችን

ሰላም ለሁላችሁ፣

በዚህ ወር የምናያቸው ሁለቱም ፊልሞች በገና ሰሞን ኒውዮርክ ውስጥ የሚያልፉ ናቸው።

መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የ1947ቱ «ሚራክል ኦን 34ኛ ስትሪት»። የሰልፉን ትዕይንት ልብ በሉ። በ1946 ሜሲስ የተባለው የኒውዮርክ ትልቅ መደብር ባዘጋጀው በእውነተኛው የምስጋና ቀን ሰልፍ ላይ የተቀረፀ ነው። ድገሙልን ማለት የለም፤ ሰልፉ አይጠብቃቸውማ! ደግሞ የገና ፊልም ሆኖ ሳለ ለእይታ የበቃው በሜይ ነው። የስቱዲዮው አለቃ ዳሪል ዛኑክ፣ ሰው ሲኒማ የሚያዘወትረው በሞቃቱ ወራት ነው ባይ ነበር።

ቀጥሎ የ1992ቱ «ሆም አሎን 2»። ቀልዱን ታውቁታላችሁ። እኔን የሚነካኝ ከቤተሰቡ ተነጥሎ ኒውዮርክ የገባው ልጅ ሮክፌለር ሴንተር ባለው ትልቅ የገና ዛፍ ስር እናቱን የሚያገኝበት ነው። ያ ሕዝብ የሚርመሰመስበት ቦታ ጭር ብሎ፣ እነሱ ብቻ።

«ዳይ ሃርድ የገና ፊልም ነው ወይስ አይደለም» የሚለውን ክርክር ከፊልሞቹ በኋላ አድርጉልኝ፣ አደራ።