የንባብና ሥነ ጽሑፍ ክበብ፦ ደም ለማድረቅ የተዳሩ ጠላቶች

ክበባችን ዓመቱን ያሳለፈው በአንድ ሥራ ላይ ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ አባላት በጋራ 24 ምዕራፍ ያለው ምናባዊ የፍቅር ልቦለድ ጽፈዋል። ደም የተቃቡ ሁለት ቤቶች በሽማግሌ ፊት ታርቀው ልጆቻቸውን ያጋባሉ፤ ተጋቢዎቹ ግን ዓይን ለዓይን መተያየት አይፈልጉም። ደም ለማድረቅ ሲባል መጋባት በጎጃም የታወቀ ነገር ስለሆነ መነሻውን ከሩቅ መዋስ አላስፈለገም።

አገሩ ፈጠራ ነው፤ መልክዓ ምድሩ ግን የጮቄና የአባይ በረሃ ነው። ሙሽራዋ የደጋ፣ ሙሽራው የቆላ ሰው ናቸው። የደጋዎቹ ጉም የመጥራት ምትሃት ጅብራ ከተባለው የተራራ ተክል ይመነጫል። ጅብራ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይደርቃል፤ ስለዚህ በልቦለዱም አንዱ ተክል ጉም የሚጠራው አንድ ጊዜ ነው። ይህ ወሰን የተጨመረው የመጀመሪያው ረቂቅ ምዕራፍ 3 ላይ ከተበላሸ በኋላ ነው፦ ጠላት ከበበ፣ ጉም ወረደ፣ ሁሉም ዳነ፤ ከዚያ ወዲያ አንባቢን የሚያሰጋ ነገር አልተረፈም። ዋጋ የማያስከፍል ምትሃት ግጭትን ይገድላል።

ከሁሉ የከበደው ጠላትነቱን እውነተኛ ማድረግ ነበር። በመጀመሪያ የጠቡ ምክንያት ጠፍቶ የቀረ ደብዳቤ ሆኖ ተጻፈ። እንዲህ ያለው ጠብ ደብዳቤው በተገኘ ዕለት ይተናል፤ ፍቅሩም ያለ ድካም ስለሚመጣ አያሳምንም። በተሻሻለው ረቂቅ የሙሽራው አባት የሙሽራዋን መንደር ጎተራ በእርግጥ አቃጥሏል፤ የእሷም ወንድም የሙሽራውን አጎት ገድሏል። አባላቱ አንድ ገጽ ለሁለት ከፍለው በግራ የተፈጸመውን በደል፣ በቀኝ ለዚያ የሚመጥነውን ካሳ ጻፉ። በቀኝ ያለው በድርጊት ሳይከፈል ማንም «እወድሃለሁ» አይልም። ስለዚህ ፍቅሩ ቃል ያገኘው ምዕራፍ 19 ላይ ነው፤ እኔ ከዚያ ቀድሞ ቢሆን አልቀበልም ነበር።

ለውጡን በተግባር ያሳየው የዋንጫው ነገር ነው። ጠላ ቀጂ ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት ጥቂት በመዳፉ አንቆርቁሮ ይቀምሳል። ምዕራፍ 4 ላይ ሙሽራዋ ትቀምሳለች፤ እሱ ግን ጉሮሮዋ ሲውጥ እስኪያይ ድረስ ዋንጫውን አይነካም። ምዕራፍ 11 ላይ ስትቀምስ ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል። ምዕራፍ 15 ላይ መዳፏን ስትዘረጋ ቀድሟት ዋንጫውን አንስቶ ይጠጣል። ስለ መተማመን አንድም ዓረፍተ ነገር አልተጻፈም፤ አያስፈልግምም።

ንግግራቸው ሌላው ጥንካሬ ነው። ቅኔ ባለበት አገር ጠላቶች በግልጽ ቢሰዳደቡ ያሳፍራል። ሙሽራዋ በአማቶቿ ፊት «ከአባትህ ቤት እሳት አይጥፋ» ትላለች። ሰሙ ምርቃት ነው፤ ወርቁን ጎተራው ሲነድ ያየ ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ «አሜን» ሲሉ ሙሽራው ብቻ ዝም ይላል።

በፈቃድ ጉዳይ ብዙ ተከራክረናል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ትንሹን የጋብቻ ዕድሜ 18 ያደርጋል፣ የሁለቱንም ነፃ ፈቃድ ይጠይቃል። ልቦለዱ በሕግ አይታሰርም፤ አንባቢዎቹ ግን የእኛው ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ ሁለቱም ከ20 ዓመት በላይ ናቸው፤ ሙሽራዋም ተጠይቃ፣ የወንድሟ ሕይወት እንዲተርፍ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጣ ትስማማለች። ይህም ታሪኩን ጠቀመ፤ ራሷ የገባችበት ስለሆነ ማንንም መውቀስ አትችልም።

ምዕራፎቹ በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ ተነበዋል። ለጆሮ የከበዱ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች የተቆረጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ምዕራፍ 22 ገና ይቀረዋል። የሙሽራው አባት ጎተራውን ማቃጠሉን በአደባባይ የሚያምንበት ምዕራፍ ነው፤ አሁን በሁለት ገጽ ይቅርታ ይደረግለታል፤ ካሳውም አልተቆረጠም። ረቂቁ በቤተ መጻሕፍት ስለሚገኝ ማንም ተማሪ አንብቦ አስተያየቱን በኅዳጉ በእርሳስ ሊጽፍ ይችላል።