ጂፒኤሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ ግን ሰፈራችሁ ላይ ፈትኑት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከሦስት ሳምንት በፊት በጉዞ ዓምዳችሁ፣ ውጭ አገር ሄደው መኪና ለሚነዱ ሰዎች የወጣውን ምክር ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አጠገብ ካለ ሻይ ቤት ተቀምጬ አነበብኩት። ጸሐፊው መንገድ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ ጂፒኤስን፣ ከአገር ቤት ተሸክሞ መሄድ ትርፍ ሸክም ነው፣ መኪናውን ከሚያከራየው ድርጅት አብሮ መከራየት ይሻላል ይላሉ። ስለ መንጃ ፈቃድ ትርጉምና ስለ ኢንሹራንስ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው። በዚህኛው ግን አልስማማም። እርግጥ ባለፈው ዓመት ሰኔ የራሴን ይዤ ጀርመን አገር ሄጄ ከነቤተሰቤ መንገድ ስቻለሁ። እሱንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ፤ ቢሆንም አልስማማም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። 27 ዓመት ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ተመላልሻለሁ። አዋሽን፣ ሚሌንና ጋላፊን የማውቃቸው በካርታ ሳይሆን በሙቀታቸውና ጎማ በሚፈነዳበት ቦታቸው ነው። ስለዚህ የወንድሜ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ መዳፍ የምታህል ጂፒኤስ ቢሰጠኝ፣ አመስግኜ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኳት። ያወጣኋት ፍራንክፈርት ያለችው ልጄ «አባዬ፣ የልጅ ልጅህን መጥተህ እይ» ብላ ትኬት ስትልክልኝ ነው።

ስከፍታት ውስጧ ያለው ካርታ የሰሜን አሜሪካ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ያለሁበትን ቦታ አልሳተችም፤ ነገር ግን አንድም መንገድ በሌለበት ባዶ ሜዳ ላይ አቁማ ታሳየኛለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሳተላይቱ ሌላ፣ ካርታው ሌላ። ሳተላይቶቹ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው ለዓለም ሁሉ ምልክት ይልካሉ። መሣሪያው ቢያንስ የአራቱን ከያዘ ቦታውን ያሰላል፤ ለዚህ ሲም ካርድም ኢንተርኔትም አያስፈልገውም፣ የሚከፈልበትም ነገር የለም። የመንገዱ መስመርና ስም ግን የሚመጣው ከተጫነበት ካርታ ነው። በስልክ የምትጠቀሙም ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው፤ የአገሩን ካርታ እዚሁ ካላወረዳችሁት፣ እዚያ ስትደርሱ በአገር ቤት ሲም ካርድ ስታወርዱ ሒሳቡ ያስለቅሳችኋል። ለእኔ መገናኛ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ወጣት የኢትዮጵያንና የጀርመንን ካርታ በሜሞሪ ካርድ ጫነልኝ። ካርታው ኦፕን ስትሪት ማፕ ይባላል፤ በፈረንጆቹ 2004 የተጀመረ፣ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ነፃ ካርታ ነው። ወጣቱ ያስከፈለኝ የድካሙን ብቻ ነው።

ከዚያ ያደረግኩትን ጸሐፊው ልብ ቢሉልኝ ደስ ይለኛል። ከመሄዴ በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ ጂፒኤሷን በማውቀው መንገድ ላይ ይዣት ዞርኩ። የወንድሜን አሮጌ ቶዮታ ተውሼ ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ገላን፣ ተመልሼ ደግሞ ኮዬ ፈጬ። ባለቤቴ «የኖርክበት ሰፈር ምን ጠፋህና ነው በማሽን የምትፈልገው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። የምፈልገው ግን ሰፈሩን ሳይሆን የጂፒኤሷን ጠባይ ነበር። አዲስ ረዳት የቀጠረ ሹፌር በመጀመሪያው ቀን ጋላፊ ይዞት አይወርድም፤ ቅርብ ቦታ ወስዶ ያየዋል።

የእኛ አካባቢ ደግሞ ለፈተና የተመቸ ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት ጤፍ ይታጨድበት የነበረው ማሳ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። አስፋልት ላይ እየነዳሁ እሷ ማሳ መሐል አስገብታኝ «ተመለስ» ትላለች። ወደ ኮዬ ፈጬ ስሄድ ለቧንቧ ተብሎ ተቆፍሮ ተዘግቶ የከረመውን መታጠፊያ ግባበት እያለች ወተወተችኝ። አደባባይ ላይ «ሦስተኛው መውጫ» ስትል ባጃጅ ብቻ የሚሾልክበትን ቀዳዳ እንደ አንድ መውጫ ቆጥራ ነው። ትእዛዟም ይዘገያል፤ ታጠፍ ስትል እኔ መታጠፊያውን ግማሽ አልፌዋለሁ። ይህን ሁሉ ያወቅኩት እውነቱን በማውቅበት ቦታ ስለሞከርኳት ነው። በማላውቀው አገር ብትዋሸኝ ኖሮ በምን አውቅባታለሁ?

ከሁሉ ያሳቀን ግን የቤቴን አድራሻ ላስይዛት ስል የሆነው ነው። «ቱሉ ዲምቱ» ብዬ ጻፍኩላት። እሷ ወደ ባሌ ልትወስደኝ ተነሣች። ለካስ የባሌ ተራሮች ትልቁ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ስሙ ቱሉ ዲምቱ ነው። በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ስለሆነ ስሙ እዚያም እዚህም ቢኖር አይገርምም። ከባለቤቴ ጋር ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ያን ቀን ከመሳቅ አልፌ ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ ጀርመን ያገኘኝ ነገር ባላገኘኝ።

ፍራንክፈርት ገብቼ በማግስቱ ስከፍታት ዝም አለች። ደግነቱ የመገናኛው ወጣት አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ተዘግታ ሩቅ አገር ስትወሰድ ሳተላይቶቹን እንደ አዲስ ትፈልጋለች፤ ሁሉም ሳተላይቶች የት የት እንዳሉ የሚናገረውን ዝርዝር ከሰማይ ለመቀበል ብቻ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ ከፎቅ ሥር ካለው የመኪና ማቆሚያ አውጥቼ ሰማይ በሚታይበት ቦታ አስቀመጥኳትና ቡናዬን ጠጣሁ። ሳልጨርስ ነቃች።

ኑረንበርግ የልጄ ባል ዘመድ ሰርግ ስለነበረ ሰፋ ያለ መኪና ተከራየን፤ እኔም በውሉ ላይ ሁለተኛ ሹፌር ሆኜ ተመዘገብኩ። መኪናው የራሱ መንገድ አሳይ ነበረው። የልጄ ባል ሲከፍተው ከእኛ በፊት የተከራዩት ሰዎች የሄዱበት አድራሻ፣ «ቤት» ብለው የመዘገቡት ሳይቀር ተዘርግፎ ወጣ። የማላውቀውን ሰው ጓዳ በበር ቀዳዳ ያየሁ ያህል አፈርኩ። ጸሐፊው ተከራዩት የሚሉን እንዲህ ያለውን ነው። የእኛም የሰርግ ቤት አድራሻ ለቀጣዩ ተከራይ እንዳይተርፍ ዘግተነው የእኔን ለጠፍን።

ከመነሣታችን በፊት የልጄ ባል ጂፒኤሷን ተቀብሎ ስለ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራ የምታስጠነቅቅበትን አጠፋው። ጀርመን ውስጥ ሹፌር እየነዳ በዚህ መጠቀም ክልክል ነው፤ ቅጣቱ 75 ዩሮ ነው። ፈረንሳይ እስከ 1,500 ዩሮ ይደርሳል፤ ስዊዘርላንድ ደግሞ መሣሪያውን ራሱን ሊወርሱት ይችላሉ። የራሱን ጂፒኤስ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ ጸሐፊው እኔን ለመቃወም ቢፈልጉ ከሁሉ የሚሻለው ክርክራቸው ይህ ነበር፣ አላነሡትም።

ስንሄድ ቩርትስቡርግ አካባቢ መንገድ እየተሠራ ነበር። ቢጫ የማዞሪያ ምልክት ወደ ጎን መራን፤ እሷ ቀጥል አለች። በሆዴ «ይህንን ከኮዬ ፈጬ አውቀዋለሁ» ብዬ ምልክቱን ተከተልኩ፤ በሰላምም ገባን።

ጥፋቱ የመጣው ስንመለስ ነው። ሰርጉ ሌሊቱን ሙሉ ነበር፤ የልጄ ባል ሲጨፍር አድሮ ኋላ ወንበር ላይ ተኝቷል፣ ልጄም ሕፃኑን አቅፋ አንቀላፍታለች። እኔ «ፍራንክፈርት» ብዬ ጻፍኩና መጀመሪያ የመጣውን ነካሁ። መንገዱ ያማረ ነው፣ እሷም ታዛዥ ነች። የመንገዱ ምልክት በርሊን፣ በርሊን ይላል፤ እኔ ደግሞ ትናንት ስላመንኳት ዛሬም አመንኳት። መድረሻ ሰዓቱን እንዳላይ የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛ መመለስ ስለሚያደክመኝ ትቼዋለሁ። 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ ባይሮይት የሚል ምልክት አጠገብ ስንደርስ የልጄ ባል ብድግ አለና «አባባ፣ ወዴት ነው የምንሄደው?» አለ። «ቤታችሁ ነዋ!» አልኩት።

ጀርመን አገር ሁለት ፍራንክፈርት አለ። አንደኛው ልጄ የምትኖርበት፣ በማይን ወንዝ ዳር ያለው ትልቁ ከተማ ነው። ሁለተኛው በኦደር ወንዝ ላይ፣ የፖላንድ ድንበር ጋ ነው። ከኑረንበርግ ወደ ልጄ ቤት ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ሲሆን፣ እሷ ይዛን የተነሣችው ግን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ቁጥሩ ፊቴ ላይ ተጽፏል። በባምበርግ አድርገን ዞረን ማታ ገባን፤ መኪናውን በማርፈዳችን የአንድ ቀን ኪራይ ተጨመረብን። ልጄ እስከ ዛሬ ስትደውል «አባዬ፣ የትኛው ፍራንክፈርት ነህ?» ትለኛለች።

ይህን የምጽፈው ጸሐፊው «አላልኳችሁም?» እንዲሉኝ አይደለም። የተከራየነው መሣሪያም ቢሆን ሁለቱንም ፍራንክፈርት ያውቃል፤ እጄም ያው እጄ ነው። ልዩነቱ የራሴን ጂፒኤስ ጠባይ ማወቄ ነው፤ ስህተቷን ቱሉ ዲምቱ ላይ አሳይታኝ ነበር፣ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። አሁን ከተማ ስጽፍላት መጀመሪያ ርቀቱን አያለሁ፤ የማውቀውን ያህል ካልሆነ ሞተር አላስነሣም።

በመጪው ሐምሌ የእህቴ ልጅ ቶሮንቶ ስለምትሄድ ጂፒኤሷን አውሰኝ ብላኛለች። የካናዳ ካርታ ድሮም አላት፤ ቢሆንም ቆይቶ ሊሆን ስለሚችል መገናኛ ይታደስላታል። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ቅዳሜ ከእኔ ጋር ኮዬ ፈጬን ትዞራለች፤ ተስማምተናል። ጸሐፊውም ቢመጡ ደስ ይለኛል። ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮዬ ፈጬ ሲሄዱ፣ ከጎማ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ኮረኮንች ውስጥ ገብተው አረንጓዴውን የቆርቆሮ በር ያንኳኩ። ስሙን ብቻ አይጻፉላት፤ ባሌ ትወስድዎታለች።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ ሹፌር፣ ከቱሉ ዲምቱ