«ወስፋቴ ጮኸ» ላልከኝ ነገር የዘገየ መልስ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወዳጄ ለተክሌ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኛ ከብርዱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጻጻፍን ሰባት ዓመት ሊሞላን ነው። እናትህ እትዬ አስካለ ያረፉ ጊዜ ለቀብራቸው አልደረስኩም፤ ለአርባቸውም መንዝ አልወጣሁም። ለሥራ ቆላ ወርጄ ነበር ብዬ ላሳብብ እችላለሁ፤ እውነቱ ግን መጀመሪያ ዘገየሁ፣ ከዘገየሁ በኋላ አፈርኩ፣ ኀፍረቱ ሲከርም ብዕር ማንሣት ከበደኝ። ይቅር በለኝ።

ባለፈው ሳምንት መጻሕፍቴን ሳስተካክል የመጨረሻ ደብዳቤህን አገኘሁት። ከግርጌው ላይ፣ «አንተ የላቦራቶሪ ሰው አይደለህም? አማርኛችን ረሃብን በወስፋት ስም የጠራው ለምንድን ነው? ‹ወስፋቴ ጮኸ› ስንልስ የሚጮኸው በእርግጥ ትሉ ነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሰገራና ደም በማይክሮስኮፕ ሲያይ የኖረ ሰው ለዚህ ሰባት ዓመት አያስፈልገውም ነበር። እንግዲህ ዕዳዬን ልክፈል።

የሚጮኸው ትሉ አይደለም። ሆድ ባዶ ሲሆን ከጨጓራ ተነሥቶ ትንሹን አንጀት እስከ ጫፉ የሚያካልል የጡንቻ ማዕበል በየአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይነሣል። ሥራው ጽዳት ነው፤ ከምግብ የተረፈውን ፍርፋሪ፣ የሞተውን ሕዋስና ባክቴሪያውን ወደ ታች ይጠርጋል፤ አየሩና ፈሳሹ አብረው ሲገፉም ያን የምናውቀውን ድምፅ ያሰማሉ። ምግብ እንደገባ ጥርጊያው ይቋረጣል፤ እናቶቻችን ቤቱን ጠርገው ሳይጨርሱ እንግዳ ሲደርስባቸው መጥረጊያውን ከበር ኋላ እንደሚሸሽጉት ማለት ነው። ወስፋት የበዛበት ሕፃን እንዲያውም ብዙ ጊዜ ምግብ አስጠልቶት ነው ወደ እኛ የሚመጣው። ስለዚህ «ወስፋቴን ዘጋው» የሚለው አነጋገር ከ«ወስፋቴ ጮኸ» ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል እላለሁ፤ በቋንቋው ግን ፈራጁ አንተ ነህ።

ቋንቋው ያልደረሰበት የወስፋትን መንገድ ነው። እንቁላሉ ባልታጠበ ጎመን ወይም አፈር በነካ እጅ ወደ አፍ ይገባል፤ በትንሹ አንጀት ይፈለፈላል። ያ በዓይን የማይታይ እጭ ሊኖርበት የሚገባው ቤት ደርሶ ሳለ እዚያው አይቀመጥም። የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ በደም ወደ ጉበት፣ ከጉበት ወደ ልብ፣ ከልብ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ በሳንባ ጥቂት ቀን ካደገ በኋላ በአየር ቧንቧው ሽቅብ ወጥቶ ጉሮሮ ላይ ይደርሳል፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ከምራቁ ጋር ይውጠዋል፤ እንደገናም ወደ ተነሣበት አንጀት ይወርዳል። ያን ሁሉ ተጉዞ የተመለሰው ወደ መነሻው ነው! ይህን ያረጋገጠው ኮይኖ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም ነው፤ በ1922 እ.ኤ.አ. 2,000 የወስፋት እንቁላል ራሱ ዋጠና ከቀናት በኋላ እጮቹን በገዛ አክታው ውስጥ አገኛቸው። እኔ ይህን ሙያ ብወደውም እስከዚያ ድረስ አልወደውም።

ወደ አንጀት የተመለሰው እጭ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ያድጋል፤ ሴቷ ከአንድ ስንዝር በላይ ልትረዝም ትችላለች፤ በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። ትኩሳት ሲነሣባት ትቅበጠበጣለች፤ በታመመ ሕፃን አፍ ወይም አፍንጫ ወስፋት ወጣ ሲባል የምንሰማው ተረት አይደለም። አንድ ሌሊት ተረኛ ሳለሁ እናት ልጇን ታቅፋ፣ የወጣውን ትል በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አምጥታልኝ ነበር። ከልጁ ይልቅ እርሷን ለማረጋጋት ብዙ ደከምኩ።

ከወስፋት ተነሥቼ ኮሶ ላይ ስደርስ እትዬ አስካለን ሳላነሣ አላልፍም። ትዝ ይልሃል? በየሁለት ወሩ ማታውን ጦማችንን ያሳድሩንና ጠዋት ከጓሮው ዛፍ የተቀጠፈውን አበባ ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው፣ በዋንጫ ይሰጡን ነበር። አንተ እንደ ጠጣህ አስመስለህ ግንቡ ሥር ስትደፋው ያዩህ ዕለት ሁለተኛ ዋንጫ አስጨመሩህ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ «እንደ ኮሶ መረረኝ» የሚል ሰው ሁሉ ቀምሶት ይሆን እያልኩ እጠራጠራለሁ። ኮሶ የጠጣ ሰው ከዕለቱ ሥራ ነጻ ይደረጋልና ከሰዓት በኋላ አጥሚታችንን ይዘን ፀሐይ እየሞቅን መዋላችን ብቻ ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ አስካለ የሚቀጥፉት ከቀይ አበባው ብቻ ነበር። በኋላ በትምህርት እንዳገኘሁት የኮሶ ዛፍ ወንድና ሴት አለው፤ የወንዱና የሴቱ አበባ በተለያየ ዛፍ ላይ ነው የሚወጣው፤ ለመድኃኒትነት የሚመረጠውም ቀላ የሚለው የእንስቱ ነው። ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770ዎቹ መባቻ ጎንደር ሳለ ስለ ዛፉ ጽፎ ለአውሮፓ አስታወቀ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም አበባው በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። እዚህ ሀገር ግን ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው ሊያዋርዱ ሲፈልጉ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሏቸው ነበር። ሀገር ሁሉ በየሁለት ወሩ ለሚፈልገው መድኃኒት ሻጩን መናቅ ምን የሚሉት ነው? ነገሩ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ኮሶ ሲበዛ ዓይን እንደሚያጠፋ በሕክምና ተመዝግቧል፤ ዛሬ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ፕራዚኳንቴል እያለ ማንንም ኮሶ ጠጣ አልልም።

የኮሶ ትሉ ራሱ ደግሞ አፍም አንጀትም የለውም። በራሱ ላይ ባሉት መጣበቂያዎች የአንጀቱን ግድግዳ ይዞ፣ ባለቤቱ ያላመውንና የፈጨውን ምግብ በመላ ቆዳው ይመጥጣል። ብዙ ጊዜ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል፤ ከ10 ሜትር የሚያልፍም አለ። ሰውነቱ እንደ መቁጠሪያ በተያያዙ ከ1,000 በላይ ቁራጮች የተሠራ ሲሆን፣ የበሰሉት ቁራጮች በጫፉ በኩል ይበጠሱና በራሳቸው እየተንቀሳቀሱ ይወጣሉ፤ ሰው ልብሱ ላይ አይቶ የሚደነግጠው እነርሱን ነው። ከብት እንቁላሉን ከሣር ጋር ይግጣል፤ እጩ በከብቱ ሥጋ ውስጥ እንደ ትንሽ ውሃ ቋጠሮ ሆኖ ይቀመጣል፤ እኛም ቁርጡን በሚጥሚጣ እናወርደዋለን።

ሁልጊዜ በሬውን ስንከስ ኖረናል። ይሁን እንጂ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ሐረግ ጥናት ነገሩን ገለበጠው። የሰው ልጅ ከብት ከማልመዱ እጅግ ቀድሞ፣ አፍሪካ ውስጥ የዱር እንስሳ ሥጋ መብላት በጀመረበት ዘመን ትሉን ከአራዊት አገኘው፤ ከብቱን ካለመደ በኋላ ደግሞ ለከብቱ ሰጠው ይላሉ ተመራማሪዎቹ። ዛሬም ይህ ትል አድጎ እንቁላል የሚጥለው በሰው አንጀት ብቻ ነው፤ የሰው ዘር ሁሉ ለአንድ ትውልድ ያህል ሥጋውን አብስሎ ቢበላ ትሉ ከምድር ይጠፋ ነበር። በሬው በእኛ ላይ ክስ ቢያቀርብ ይረታናል።

ቅማልም እንዲሁ የእኛው ታሪክ ጸሐፊ ናት። የልብስ ቅማልና የራስ ቅማል ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዷ በፀጉር፣ ሌላዋ በልብስ ስፌት ውስጥ ትኖራለች። ሰው ልብስ ባይለብስ የኋለኛዋ መኖሪያ አይኖራትም ነበርና፣ ሊቃውንት ሁለቱ የተለያዩበትን ዘመን ከዘረመላቸው አስልተው ሰው መቼ መልበስ እንደ ጀመረ ለመገመት ሞክረዋል፤ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ስሌት ወደ 70,000 ዓመት ገደማ አድርሶታል። ከዚያ ወዲህ ዘመኑን የበለጠ ያራቁም አሉ። ባናና ዝተት ደርበን ላደግን ለእኛ ለመንዞች ነገሩ ሩቅ አይደለም።

በዚህች ቅማል የሚተላለፈውን የሚያገረሽ ትኩሳት በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት፣ በተለይ በክረምት፣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በደም ጠብታው ውስጥ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ቀጭን ባክቴሪያ ሲተራመስ ታያለህ። በሽተኛው ለአምስትና ስድስት ቀን ያህል ይነድና በድንገት ይሻለዋል፤ ቤተሰቡ ስለት ያስገባል፤ ከሳምንት በኋላ ትኩሳቱ ተመልሶ ይመጣል። ሰውነታችን የባክቴሪያውን መልክ ለይቶ ሲያጠፋው፣ ካባውን ቀይረው ያመለጡት ጥቂቶች እንደ አዲስ ጠላት ተባዝተው ስለሚመጡ ነው። ሌላም ያስገረመኝ ነገር አለ። ቅማሏ ነክሳ አታስተላልፈውም፤ በሽታው ያለው በሰውነቷ ውስጥ ስለሆነ ሰውየው ሲያክ ወይም በጥፍሩ ሲጨፈልቃት ነው በቆዳው ሽንቁር የሚገባው። ቅማልን በጥፍር መግደል በገዛ እጅ ለበሽታው በር መክፈት ነው። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ብርድ ብርድ ማለቱና ርዕደቱ ይብሳል፤ የሚሞቱት ባክቴሪያዎች ይዘታቸውን በአንድ ጊዜ ስለሚያራግፉ ነው። ይህን የማያውቅ አስታማሚ «መርፌው ገደለብን» ብሎ ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ አልፈረድኩበትም።

አንተ ባለህበት በጅማ በኩል ሙጃሌ ስለሚኖር አንድ ቃል ልጨምር። የልጆችህን የእግር ጥፍር ተመልከት። ሙጃሌ ለአፍሪካ ባዕድ ናት፤ በ1872 እ.ኤ.አ. ከብራዚል ወደ አንጎላ በሄደች መርከብ፣ ለሚዛን በተጫነ አሸዋ ውስጥ ገብታ መጣችና በጥቂት አሥርት ዓመታት አህጉሩን በሰው እግር አቋረጠችው።

ምችንም ላንሣልህ። «ፊታችሁን ታጥባችሁ ፀሐይ ላይ አትውጡ፣ ምች ይመታችኋል» እየተባልን አድገን፣ እኔ ትምህርት ቀምሼ ስመለስ በእትዬ አስካለ ፊት የሳቅኩት ሳቅ ዛሬ ያሳፍረኛል። ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ቁስል ከልጅነት ጀምሮ ብዙዎቻችን የምንሸከመው ቫይረስ ሥራ ነው። ቫይረሱ ራስ ቅል ውስጥ ባለ የነርቭ ቋጠሮ ተሸሽጎ ለዓመታት ይተኛል። ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ደግሞ ብርቱ ፀሐይ ነው፤ የፀሐዩ ጨረር የከንፈሩን ቆዳ ሲጎዳው ቫይረሱ በነርቩ ገመድ ወርዶ ብቅ ይላል። መታጠቡ ላይ ባልስማማም ፀሐዩ ላይ እርሳቸው ትክክል ነበሩ። ዳማከሴውን አሽተው ግንባሬን ሲቀቡኝ ለምን ዝም ብዬ እንዳልተቀባሁ እንጃ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ቆይቼ ከመጀመሪያው ልነግርህ የፈለግሁት ላይ ደረስኩ። በሰው ገላ ውስጥ ከሚኖሩ እንግዶች ሁሉ የሚደንቀኝ ትልም ቅማልም አይደለም። ሕፃን በማኅፀን ሳለ ከሕዋሶቹ ጥቂቶቹ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፈው ወደ እናቱ ደም ይገባሉ። ከወለደች በኋላም ሁሉም አይጠፉም። በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ወንድ ልጅ በወለዱ እናቶች ደም ውስጥ የወንድ ክሮሞሶም ያላቸው ሕዋሶች አገኘ፤ ከእናቶቹ አንዷ ወንድ ልጇን ከወለደች 27 ዓመት አልፏት ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የ59 ሟች ሴቶች አንጎል ተመርምሮ ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ የወንድ ዘረመል ተገኘ፤ ከተገኘባቸውም በዕድሜ ትልቋ የ94 ዓመት አሮጊት ነበሩ። ሕዋሶቹ ለእናቲቱ የሚሠሩት ሥራ ምን እንደሆነ፣ ይጠቅሙ ይጎዱ እንደሆነ፣ ተመራማሪዎቹ ገና እየተከራከሩ ነው።

እትዬ አስካለ «ልጄ ጅማ ነው፤ ግን እዚህ ውስጤ አለ» እያሉ ደረታቸውን መታ መታ ያደርጉ እንደነበር ታውቃለህ። በለቅሶው ተገኝቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ነበር የምነግርህ፤ ከጎንህ ተቀምጬ፣ እንደ ላቦራቶሪ ሰው።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ጉዳይ አለኝ። ባለፈው እሑድ መንዝ ወጥቼ ነበርና በቤታችሁ በኩል አለፍኩ። የጓሮው ኮሶ ዘንድሮም አብቧል፤ አበባው ቀልቶ ተንዠርግጓል፤ የቀጠፈው ሰው የለም። ታናሽ ወንድምህ ለአዲሱ ቤት ሥራ እንጨቱን ሊጠቀምበት አስቧል። ዛፉ የእናንተ ነውና ከልካይ ልሆን አልፈለግሁም፤ «ተክሌን ሳልጠይቅ እንዳትነካው» ብቻ አልኩት፤ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ እጠብቃለሁ ብሎኛል። ምን ልበለው? እንደ እኔ ሰባት ዓመት ሳትቆይ ጻፍልኝ።

ወንድምህ ሽመልስ