አንዲት «ት»፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ሴት የምታፈቅር ሴት በመጻሕፍት ውስጥ አጣሁ ብለሻል። አለች። ብዙ ጊዜ ግን ከጸሐፊዋ በኋላ የመጣ እጅ ሰርዟታል፤ ስለዚህ ተስፋ ቆርጠሽ መጽሐፉን ከመክደንሽ በፊት የማን እጅ እንዳረፈበት መርምሪ። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

ከሳፎ ጀምሪ። ከ2,600 ዓመት ገደማ በፊት በሌስቦስ ደሴት የኖረች ግሪካዊት ገጣሚ ናት፤ ሌዝቢያን የሚለው ቃልም የመጣው ከዚያች ደሴት ስም ነው። ሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ በደረሰን አንድ ግጥሟ የፍቅር አምላክ የምትባለውን አፍሮዲትን ትለምናለች። አፍሮዲትም «አሁን ብትሸሽሽም በቅርቡ ትከተልሻለች» የሚል ተስፋ ትሰጣታለች። እዚህ ላይ ልብ በይ፦ የእኛው ግስ ወንድና ሴት ይለያል፤ የግሪክኛው ግን አይለይም፤ የሚሸሸው እሱ ይሁን እሷ ከግሱ አይታወቅም። ጾታውን የሚያወጣው በስንኞቹ መጨረሻ ላይ ያለ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ትርጉሙም «ባትፈልግም እንኳ» ነው። በ1711 ግጥሙን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው አምብሮዝ ፊሊፕስ ተወዳጇን «እሱ» አደረጋት። በአማርኛ ብታስቢው «ባትፈልግም» «ባይፈልግም» ሆነ ማለት ነው። ት ወጣች፣ ይ ገባች።

የአማርኛ ተርጓሚ ደግሞ መሸሸጊያ የለውም፤ በየግሱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። የትርጉም ሥራ ስታነቢ መጀመሪያ የኅትመት መረጃው ያለበትን ገጽ ግለጪ፦ ከዋናው ቋንቋ ነው የተመለሰው ወይስ ከሌላ ትርጉም? ከጠረጠርሽ ሁለተኛ ትርጉም አጠገቡ አድርጊና ያንኑ ስንኝ አስተያዪ። አንዱ «እሱ» ሌላው «እሷ» ካለ፣ ወይ ዋናው ጾታውን አልገለጠም፣ ወይ አንዱ ለውጦታል።

ቀጥሎ መጽሐፉ የወጣበትን ዓመት እዪ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ራድክሊፍ ሆል በ1928 ያሳተመችው «ዘ ዌል ኦፍ ሎንሊነስ» የተባለ ልብ ወለድ ስለሚዋደዱት ሁለት ሴቶች መኝታ የሚለው፣ በዚያ ሌሊት እንዳልተለያዩ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ የለንደን ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲወድሙ አዘዘ። በ1952 አሜሪካዊቷ ማሪጄን ሚከር ስለ ሁለት ሴቶች ፍቅር የሚተርከውን «ስፕሪንግ ፋየር»ን በብዕር ስም ስትጽፍ ደግሞ፣ አርታኢው ፖስታ ቤት እንዳይወርሰው ፈርቶ ፍጻሜው መልካም እንዳይሆን አስገደዳት። ስለዚህ አሳዛኝ ፍጻሜ ሲያጋጥምሽ የዕጣሽ ትንቢት አታድርጊው። የመጨረሻዎቹን ገጾች ለብቻ ደግመሽ አንብቢ፤ መጽሐፉን ሙሉ ጤነኛ የነበረች ሴት በሦስት ገጽ ካበደች ስፌቱ ይታያል። በዚያው በ1952 ሌላዋ አሜሪካዊት ደራሲ ፓትሪሺያ ሃይስሚዝ «ዘ ፕራይስ ኦፍ ሶልት» በተባለ ልብ ወለዷ የሁለት ሴቶችን ፍቅር በተስፋ ጨረሰች፤ መጽሐፉ ግን በክሌር ሞርጋን ስም ነው የወጣው። በራሷ ስም የታተመው በ1990 ነው።

አንድ ስሕተት ግን አትሥሪ፦ «ፍቅሬ» ተባብለው የተጻጻፉ ሁለት ሴቶችን ሁሉ ፍቅረኛ አታድርጊ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጓደኛሞችም እንዲሁ ይጻጻፉ ነበር። ከቃሉ ይልቅ ቅናቱን፣ መደበቁን፣ የተቃጠለውን ደብዳቤ ተከተይ።

አሁን ኡጋንዳዊቷ ሞኒካ አራክ ደ ኒየኮ በ2007 ለአፍሪካውያን ደራስያን የሚሰጠውን የኬይን ሽልማት ያገኘችበትን «ጃምቡላ ትሪ» ፈልጊ። አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ተራኪዋ የምትወዳትን ልጅ በቀጥታ ነው የምታናግራት። በእንግሊዝኛ ያ «ዩ» ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ ወደ አማርኛ መልሺና ላኪልኝ፤ «አንቺ» ሳትይ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማለፍ ትችዪ እንደሆነ አያለሁ።

እናትሽ