የዓሣ ልየታ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ «ነጭ ዓሣ» ስንት ነው?

በባሕር ዳር ዓሣ ገበያ ሦስት ስም ይበቃል፦ ቀረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ክበቡ በዚህ ዓመት የተጠመደው በሦስተኛው ስም ነው። ጣና ውስጥ በዚህ ስም የሚጠሩት ቢያንስ 15 ዝርያዎች ናቸው፤ ሁሉም የላቤኦባርበስ ወገን ሲሆኑ አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም የሉም። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ቁመቱ ወደ 40 ሜትር ነው። ከታች የሚመጣ ዓሣ ስለማይወጣው የጣናዎቹ ለብቻቸው ተባዙ።

መስከረምና ጥቅምት መንጠቆ አልተነካም። ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ በክረምቱ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ፤ በወንዞቹ አፍ ሲሰበሰቡ ለመያዝ ቀላል ናቸው፤ መያዝ የሌለባቸውም ያኔ ነው። አባላቱ እነዚህን ሁለት ወራት ከገበያ በመጣ ዓሣ ላይ ልኬት ሲለማመዱ አሳለፉ።

ልየታው ከጭንቅላት ይጀምራል። ጢም ከሌለው ቀረሶ ነው፤ አራት ጥንድ ጢም ኖሮት ቅርፊት ከሌለው አምባዛ ነው። ትልልቅ ቅርፊትና ሁለት ጥንድ ጢም ካለው ነጭ ዓሣ ነው፤ ሥራው የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። አፉ ወዴት ይከፈታል? ወደ ታች ከሆነ ከወለል የሚለቅም፣ ወደ ፊት ሰፍቶ ከተከፈተ ዓሣ አዳኝ መሆኑን ይጠቁማል። ከንፈሩ ወፍሮ እንደ ሥጋ ልጥፍ ከተንጠለጠለ ነጂያ ነው፤ በድንጋይ መሐል እየበረበረ ይበላል። ጭንቅላቱ ትልቅ፣ አፉ ሰፊ ከሆነ ሜጋስቶማ፣ አፍንጫው ከሾለ አኩቲሮስትሪስ፣ ጢሙ ከወፈረ ክራሲባርቢስ ይጠረጠራል። ይጠረጠራል እንጂ አይወሰንም፤ በልኬት መደገፍ አለበት።

የሚለኩት አራት ናቸው፦ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጅራት ክንፍ ሥር ያለው ርዝመት (የጅራት ጫፍ ስለሚሰበር አይቆጠርም)፣ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ስንጥብ (መተንፈሻ) ክዳን መጨረሻ ያለው የጭንቅላት ርዝመት፣ የዓይን ስፋትና የጢም ርዝመት። ሦስቱ ለመጀመሪያው ተካፍለው ይመዘገባሉ። የዓመቱ ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነበር። ዓይን ከሰውነት ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ የትንሽ ዓሣ ዓይን ሁልጊዜ ትልቅ ይመስላል፤ በዚህ የተነሣ ጫጩት ሁሉ ማክሮፍታልመስ (ትልቅ ዓይን ያለው ዝርያ) ተብሎ ተጻፈ። ስለዚህ ከ15 ሴንቲሜትር በታች ለሆነ ዓሣ የዝርያ ስም አይሰጥም። ቀለምም አያስተማምንም፤ በደፈረሰ ውኃ ይነጣል፣ ከሞተ በኋላ ደግሞ ወዲያው ይለወጣል።

ከኅዳር ጀምሮ ከዳር ተጠመደ። ከ3 እስከ 4 ሜትር ቀርከሃ፣ 0.25 ወይም 0.30 ሚሊ ሜትር የናይለን ክር፣ 15 ግራም ያህል ማስጠሚያ እርሳስ፣ ከእርሳሱ 40 ሴንቲሜትር ርቆ መንጠቆ። ለነጂያ የመሬት ትል ድንጋያማ ወለል ላይ ይጣላል። እርሳሱ በድንጋይ ስለሚቀረቀር በምትኩ ጠጠር በቀጭን የስፌት ክር ይታሰራል፤ ጠጠሩ ሲቀረቀር የስፌት ክሩ ብቻ ተበጥሶ ዓሣውና መንጠቆው ይተርፋሉ። የናይለን ቋጠሮ ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ይርጠብ፤ ደረቁን ከጠበቀ በፍትጊያው ሙቀት ይደክምና ልክ ዓሣው ሲጎትት ይበጠሳል። አንዳንዱ «ትልቅ ዓሣ በጠሰብኝ» ያለው ደረቅ ቋጠሮ ነው!

ለአዳኞቹ 5 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ ትንሽ ዓሣ በተንሳፋፊ ቡሽ ይንጠለጠላል። አዳኝ ቢሆኑም መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ቡሹ እንደሰጠመ ካልተሳበ መንጠቆው እዚያ ጥርስ ድረስ ይወርድና ዓሣው በሕይወት አይመለስም። አኩቲሮስትሪስና ማክሮፍታልመስ መሐል ሐይቁን ስለሚወዱ ከዳር ሆኖ እነሱን መጠበቅ ትዕግሥት ማባከን ነው። በሣር አጠገብ የሚኖረውን ሱርኪስ መፈለግ ይሻላል፤ ግን ቅጠል በል ስለሆነ ትል ላይ አይጣደፍም።

የመንጠቆው ሾኬ (ወደ ኋላ የዞረው ሹል) በፒንሳ ተጨፍልቆ ይደፈጠጣል። ዓሣ በረጠበ እጅ ይያዛል፣ ውኃ በሞላ ባልዲ ይቆያል፣ ግራ ጎኑ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ተነሥቶ ይለቀቃል።

ውኃ ውስጥ መቆም ክልክል ነው። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ አለ፤ የሚጠመደው ሁሉ ከድንጋይ ላይ ሆኖ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ዕቃ ይሰበሰባል።

መዝገቡ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። «ያልተለየ» የሚለው ዓምድ ከሌሎቹ ሁሉ ረዝሟል፤ ልኬቱና ፎቶው እስካለ ድረስ ወደፊት ተመልሶ ሊታይ ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት የሚመዘገቡ አባላት እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አያምጡ፤ ቀለሙ በውኃ ሊፈስ ይችላል።